የአጥር ምስክር

«ላሟ ወለደች አሉኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ… ወይስ ለላም አይባልም?»

አክመል ይህን ያለው አጠገቡ ለተቀመጠው ለገበሬው ወዳጁ ለቀጄላ ነው። እሁድ ጠዋት ነበር። የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ሰው ግን ገና አልሞላም። ቀጄላ ፈገግ አለ። ከፊታቸው ሁለት አግዳሚ አልፎ ግራጫ ኮት የለበሰው የአክመል ጎረቤት እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ጀርባው ወደ እነሱ ነው። ጆሮ ግን ጀርባ የለውም።

የዚያን ቀን እድሩ አዲስ ሰብሳቢ ይመርጣል። ኦቦ ዋቆ አሥራ አንድ ዓመት መርተው ዓይናቸው ደከመ። የቀረበው ዕጩ አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ግራጫ ኮቱ። በዚህ የቡራዩ ሰፈር እድር ደግሞ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ለሰብሳቢነት የታጨን ሰው፣ አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ተነስቶ ካልመሰከረለት ድምፅ አይሰጥም። የእድር ሰብሳቢ በር ሰዓት ሳይመረጥ ይንኳኳል፤ በሩ እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው ብለው ያወጡት ደንብ ነው። የዕጩው ግቢ በቀኝ በኩል ከጅምር ፎቅ ጋር ይዋሰናል፤ ሰው አይኖርበትም። በግራ በኩል ያለው አክመል ነው።

ሰፈሩ ይህን ያውቃል። አክመል ባለፈው ታኅሣሥ፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ሰሞን፣ የስድስት ዓመት ልጁን ኑሃን እንደቀበረም ያውቃል፤ አብሮት ቀብሯል። ዕጩው በዚያ ቀን መኪናዬ ጋራዥ ነበረች፣ እኔም ቤት አልነበርኩም ብሎ ለለቀስተኛው ሁሉ መናገሩንም ሰምቷል። ሰፈሩ የማያውቀው አክመል ያየውን ነው።

ጠዋት ሲወጣ ሚስቱ ሰብሪያ ጃኬቱን እያቀበለችው «ስም አትጥራ» ብላዋለች። «ነገም አጥሩ እዚያው ነው።» እሺ ብሏታል። ቃሉን ይጠብቃል።

«እና ጥጃዋ ሴት ናት? ጎሽ! ስም ወጣላት ወይስ እንደ አምናው እናትና አባትህ እየተጣሉ እስከ ፋሲካ ስም የለሽ ትቆያለች? እኔ እናትህ ባወጡት ነኝ፤ አባትህ እንዳይሰሙ። …ይህን ድንኳን ደግሞ እየው። ቀዳዳው ዘንድሮም አልተሰፋም። ፀሐይዋ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ኦቦ ዋቆ መላጣ ላይ ወረደች። አሥራ አንድ ዓመት ሲመሩን አንድ ኮፍያ አልሰጠናቸውም እኮ። አቤት እኛ!»

ቀጄላ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ። አክመልም አብሮት ትንሽ ሳቀ። ከታኅሣሥ ወዲህ እንዲህ ሲያወራ የሰማው የለም፤ ከጎናቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩት።

«ቤተ ክርስቲያን የሄደው እስኪመለስ ጊዜ አለን። እኔ የምልህ ቀጄላ… አንተ ዕቅድ አለህ?»

ድምፁን አልጨመረም፤ አልቀነሰምም።

«የእርሻ ዕቅድ አላልኩህም። የሕይወት ዕቅድ። በወረቀት ላይ የተጻፈ፣ ቁጥር ያለው። የለህም አይደል? አየህ፣ እኔና አንተ እዚሁ የቀረነው ለዚህ ነው። አንተ ዝናቡን አይተህ ትዘራለህ፣ ሲደርስ ታጭዳለህ። እኔ በር ሲያዙኝ በር እበይዳለሁ። ይህ ኑሮ ነው? ሰው እንዲሁ በዘፈቀደ ይኖራል?

«አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስም አልጠራም፤ የትልቅ ሰው ስም በየአግዳሚው አይጠራም። ይህ ሰው የሕይወት ግቦቹን ጽፎ፣ በመስታወት ክፈፍ አድርጎ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸዋል። ሌላው የሠርግ ፎቶውን የሚሰቅልበት ቦታ ላይ። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ሁለት ቀን ሠልጥኖ ነው የጻፋቸው። የግቢ በሩን ልገጥም የሄድኩ ቀን አየሁት። መዶሻዬን መሬት አስቀምጬ ነው ያነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር መሣሪያ ይዞ አይነበብም።

«ስድስት ግብ ነው። አንደኛ፣ ዲግሪ። በቀይ እስክሪብቶ ራይት። ሁለተኛ፣ ትዳር። ራይት። ከማን ጋር አይልም፤ ትዳር ነው የሚለው። ሦስተኛ፣ ቤት። ራይት። አራተኛ፣ አንድ ወንድ አንድ ሴት ልጅ። በዚሁ ቅደም ተከተል! ፈጣሪ ራሱ ዝርዝሩን ሳያይ የሰጠው አይመስለኝም። አምስተኛ፣ መኪና፤ ቀለሟ ነጭ። እሷ ላይ ያለው ራይት ከሁሉም ይበልጣል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

«ስድስተኛዋን ልብ ብለህ ስማ። ‹በሬን ለማኅበረሰቡ ክፍት ማድረግ፤ እድር መምራት።› በፊቷ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት የሚል አለ። ራይት የጎደላት እሷ ብቻ ናት። …ዛሬ ቀይ እስክሪብቶውን ኪሱ ይዞት የመጣ ይመስልሃል?»

ቀጄላ ወደ መሬት አየ። ከፊት ያለው ግራጫ ኮት አልተንቀሳቀሰም። አንድ እጅ ብቻ ወደ ደረት ኪስ ሄዶ ተመለሰ።

«ሰውን ማድነቅ ነውር ሆነ እንዴ? የመንግሥትን ዕቅድ እንኳ አየነው። ያን ሁሉ ካርታ፣ ያን ሁሉ ቀለም። የናንተ ማሳ አረንጓዴ ተቀብቶ መናፈሻ ተብሎ አልነበር? አባትህ በገዛ ጤፋቸው መሀል የሰው መቀመጫ ሊተከልላቸው ነበር። ከዚያ በጥር ተሰርዟል ተባለ። ስንት ልጅ ከተቀበረ በኋላ። መንግሥት ሠራዊት እያለው ዕቅዱን ሰረዘ፤ የእኔ ሰውዬ አንዲት መስመር አልሰረዘም። ወታደር የለው፣ ካርታ የለው። አጥር ብቻ ነው ያለው።»

ከጎናቸው ካሉት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ምን ለመሸፈን እንደሆነ አይታወቅም።

ሰው እየገባ ነው። አግዳሚው ይንቋቋል። አንዳንዱ አክመልን እያለፈ ትከሻውን ነካ ያደርገዋል፤ ከለቅሶው ወዲህ የመጣ ሰላምታ ነው። አክመል ለእያንዳንዱ ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ። ከዚያ ካቆመበት ቀጠለ።

«መኪናዋን ግን እንዴት እንደሚይዛት አይተሃል? ጠዋት ልጆቹ ፊታቸውን ሳይታጠቡ እሷ ትታጠባለች። መስታወቷን በአንድ ጨርቅ፣ ጎኗን በሌላ ጨርቅ። ሲጨርስ ሸራ ያለብሳታል። ኑሃ በአጥሩ ሽንቁር ታየው ነበር። አንድ ቀን መጥታ ‹አባ፣ መኪናዋ ብርድ ይበርዳታል እንዴ?› አለችኝ። አዎ ልጄ፣ ይበርዳታል አልኳት። ምን ልበላት? …እኔ ልጄን ጃኬት ማልበስ የምረሳ ሰው ነኝ። ሰውዬው መኪናውን ሸራ ማልበስ አንድ ቀን አልረሳም። ግብ ያለው ሰው እንዲህ ነው።»

ቀጄላ እጁን አክመል ጉልበት ላይ አሳረፈ። አክመል እጁን አየው፤ አላነሳውም።

«ምነው? ክፉ ነገር ተናገርኩ? ሰው እያመሰገንኩ ነው። ያን ቀን ራሱ ከሁሉ ያደነቅሁት ጥንቃቄውን ነው። ከዋናው መንገድ ጭሱ ይወጣል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ባለሱቁ ሱቁን እየዘጋ ይሯሯጣል። ኑሃ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቁሯል። አምቡላንስ ደወልኩ፤ መንገዱ ካልተከፈተ አንገባም አሉኝ። ሁላችንም ሳንዘጋጅ ነው የደረሰብን። እሱ ግን አስቀድሞ መኪናዋን ጋራዥ አስገብቷታል! በዚያ ቀን የትኛው ጋራዥ ክፍት እንደነበር አትጠይቀኝ። ብልህ ሰው ያገኛል።

«ጋራዡን ደግሞ አውቀዋለሁ። ሩቅ አይደለም። ኧረ በጣም ቅርብ ነው። አረንጓዴ በር አለው። ጥሩ በር ነው፤ ብየዳው እንደ ልብስ ስፌት ነው። ሠሪውን ባመሰግነው ራሴን ማመስገን ይሆንብኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ሰው መስማት ጀምሯል። ኦቦ ዋቆ ከፊት ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰዓታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ስብሰባውን ግን አልከፈቱም።

«የእኔን ሥራ ታውቀዋለህ ቀጄላ። የግቢ በር ስሠራ ከሥሩ አራት ጣት ክፍተት እተዋለሁ። አባቴ ያስተማረኝ ነው። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በዚያ ይወጣል፤ በሩም መሬት አይነካም፣ አይዝግም። ሰው ተንበርክኮ ካላየ በስተቀር ግቢ አያሳይም። ማን ደግሞ በሰው በር ሥር ተንበርክኮ ያያል? …እኔም አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ልጅ ታቅፌ ብዙ አንኳኳሁ። መጀመሪያ በእጄ። ከዚያ በመዶሻ። ሰውዬው በማግስቱ ‹ሁከተኞች በሬን በድንጋይ መቱብኝ› ብሎ ሲያሳያችሁ አላያችሁም? ያቺ ጎድጓዳ ምልክት የእኔ መዶሻ ናት። ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ብረቱ ንጹሕ ብረት ነበር።

«ሲያንኳኩ ሲያንኳኩ ጉልበት ይዝላል። ተንበረከክሁ። በዚያች በአራት ጣቷ አየሁ። ጎማ አየሁ። አራት። ነጭ ቀለምም ከሸራው ሥር ትንሽ ይታያል። ከጎማው አጠገብ፣ ከበሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አየሁ። ባዶ አልነበረም። እግር ነበረበት። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁ።

«ሌባ ነው ብዬ ደነገጥሁ! ምን ላስብ ታዲያ? ሰውዬው ቤት የለም፤ መኪናው የለችም። ሌባ ገብቶ፣ የሰውየውን ጫማ አድርጎ፣ የሰውየውን የምትመስል መኪና አምጥቶ አቁሟል አልኩ። ለጎረቤቴ አዘንሁ። ኑሃ ክንዴ ላይ ሆና እያቃሰተች እኔ ለጎረቤቴ ንብረት አሳቤ ሄደ። ጎረቤት ማለት ይህ አይደል? ‹ኧረ በአላህ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው› አልኩት ለሌባው። ሌባም ልብ አለው ብዬ። ስሟንም ነገርኩት። …ሌባው አንዲት ነገር አልሰረቀም። ቆሞ ትንፋሹን ብቻ ዋጠ። ምን ዓይነት ሌባ ነው ዝም ብሎ የሚቆም?

«ይህን እስከ ዛሬ ለሰውየው አልነገርሁትም። እንዳይደነግጥ ብዬ። እንኳን እሱ፣ እኔም ያ እግር እስካሁን ያስደነግጠኛል።»

ባለ ግራጫ ኮቱ የተጣመረ እግሩን ፈታ። ሁለቱንም እግሩን ቀስ አድርጎ ወደ አግዳሚው ሥር ሳበ። አዲስ ጥቁር ጫማ ነበር ያደረገው።

አክመል ወደዚያ አላየም። ቀጄላን ነው የሚያየው። ቀጄላ ዓይኑ ቀልቷል፤ ይህን ነገር እሱም ዛሬ ነው የሰማው። ያን ቀን ጋሪውን አብሮ ገፍቷል እንጂ በሩ ሥር አልነበረም።

«አታልቅስ፣ ሰው ያየናል። አንተም ብትሆን ጥፋትህ ትንሽ አይደለም። ምን የመሰለ የተዘጋ መንገድ እያለ ብረት የምጭንበትን የእጅ ጋሪ አምጥተህ ‹አስተኛት› አልከኝ። እናትህም ለምልጃ ቅጠል ቆርጠው ከፊት ከፊት። በስልሳ ዓመታቸው ሲሮጡ አየህ? ሻሻቸው ወድቆ አላነሱትም። እናንተ ቤት ዕቅድ የሚባል ነገር የለም፣ እውነቴን ነው።

«እነዚያ ልጆችስ? ድንጋይ የደረደሩት። ሰውዬው ‹ሥርዓት አልበኞች› የሚላቸው። እውነቱን ነው። ሥርዓት ያለው ሰው የጀመረውን ይጨርሳል። እነሱ ጠዋት ሙሉ በላብ የደረደሩትን ድንጋይ፣ እናትህ አዴ ገለቴ ቅጠሉን ከፍ አድርገው ‹ካራ ኑፍ ባና› ባሉ በአንድ ቃል፣ መንገድ ክፈቱልን ባሏቸው በአንድ ቃል፣ ራሳቸው መልሰው አፈረሱት! የሚነደውን ጎማ በእግራቸው ገፉት። አንደኛው ሹራቡን አውልቆ ኑሃን አለበሳት። ስሙን አልነገረኝም፤ ሹራቡንም መልሶ አልጠየቀኝም። ከፊታችን አንድ አይሱዙ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ፣ ፊቱ ላይ ቅጠል ሰክቶ አለፈ። መስታወቱ እንኳ አልተጫረም። …ግን እንዲህ ያለ ወጣት የት ይደርሳል? ለራሱ አንድ መስመር ሳይጽፍ፣ የማያውቀውን ሰው ልጅ ጋሪ እየገፋ?

«የት እንደደረስን ታውቃለህ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጓንቷን አውልቃ ‹ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን› አለችኝ። ከዚያ መናገሯ ቆጫት መሰለኝ፣ ወጣች። እኔ ሰዓት አላሰርኩም ነበር። ከሰፈራችን እስከዚያ በጋሪ ስንት ሰዓት፣ በነጭ መኪና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አልቆጠርኩም። መቁጠር የሚወድ ሰው ይቁጠረው።»

እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ። ጠርዙ ወርቅ ቀለም የተቀባ አንድ ደብተር አወጣ። አንዳንድ ሰው ደብተሩን ያውቀዋል። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የመጣ ነው።

«ይህን አሳይቼህ አላውቅም? ሌላው ሰው ዳቦ ይዞ መጣ፣ ውኃ ቀድቶ መጣ። ውኃና ዳቦ ያልቃል። ይህ ግን አያልቅም። ‹ሐዘንን የሚያሸንፈው ግብ ነው፤ ሕልምህን ጻፍ› ብሎ የሰጠኝ ሰው አለ። ከጎኔ ተቀምጦ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ። የመጀመሪያውን ገጽ ራሱ ነው የጀመረልኝ፤ እየው፣ ጽሕፈቱ ያምራል። ‹አክመል፤ የሕይወት ግቦቼ።› ሐዘንተኛ ቤት መጥቶ ነገህን የሚያስብልህ ሰው ስንት ነው? በማግስቱ ደግሞ ስለ እድሩ ምርጫ ትንሽ አነሳልኝ። ትንሽ ብቻ። ስለ አጥር ምስክርነት።

«እና ጻፍሁ። እንዳታፍርብኝ እንጂ አነብልሃለሁ።

«አንደኛ። ከእንግዲህ የግቢ በር ስሠራ ከሥሩ ክፍተት አልተውም። ጎርፉ ግቢ ውስጥ ይቅር፣ በሩም ይዛግ። ሰው የሌባ እግር እያየ አይደንግጥ።

«ሁለተኛ። በር ማንኳኳት መማር። ይህን ያህል ዓመት በር ሠርቼ ማንኳኳት አላውቅም ኖሯል። አንዳንድ በር በእጅ አይከፈትም፣ በመዶሻ አይከፈትም፣ በልጅ ስም አይከፈትም። ሥልጠና ይኖረው ይሆናል። ሆቴል ውስጥ፣ ሁለት ቀን።

«ሦስተኛው ለሰብሪያ ነው። አላነበውም።

«አራተኛው ላይ ቁጥሩን ጽፌ ቆምሁ። ሰው ለልጁ ነው ሕልም የሚያልመው አይደል? እጄ ለምዶበት ስሟን ጻፈ። ‹ኑሃ› ብሎ ጻፈ። ከዚያ ደብተሩ በስተቀኝ የራሱ አምድ አለው፤ እየው፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ታትሟል። ‹የሚጠናቀቅበት ቀን› ይላል። …ቀኑን አውቀዋለሁ። ግቡን ነው ያጣሁት።»

ደብተሩን ዘጋ። ቀጄላ እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም። ድንኳኑ ሞልቷል፤ የዘገዩት ጥግ ጥጉን ቆመዋል።

ኦቦ ዋቆ ብድግ አሉ። በዱላቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱ። ምርጫ መከፈቱን በአማርኛም በኦሮምኛም ተናገሩ፣ የዕጩውን ስም ጠሩ፣ ከዚያ ደንቡ እንደሚለው ፊታቸውን ወደ አክመል አዞሩ። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ደንቡ ከወጣ ጀምሮ ያው ነው። የዚህ ሰው በር ሲንኳኳ ይከፈታል ወይ? ዛሬ ግን ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ብሏል።

ባለ ግራጫ ኮቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ ወደ ኋላ አየ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነበር። ዓይኑ አክመል ላይ ሳይሆን አክመል እጅ ላይ ባለው ደብተር ላይ ነው ያረፈው።

አክመል ተነሳ። አንድ እጁን ቀጄላ ትከሻ ላይ አሳረፈ፤ ሲናገርም ወደ ቀጄላ እያየ ነበር፤ ብቻቸውን ያሉ ይመስል።

«ቀጄላ፣ ለኦቦ ዋቆ አድርስልኝ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ፊት ለፊት መልስ ልሰጣቸው አፍራለሁ። ስለ ጎረቤቴ ክፉ እንዳልናገር ከቤት ቃል ገብቼ ነው የወጣሁት። ደግሞስ ምን ክፉ አለው? ንብረት ጠባቂ ነው። ድንኳኑ በእሱ እጅ ከገባ ሁለተኛ አይቀደድም፤ ከሸራው አይወጣማ። አግዳሚው አይሰበርም፣ ብረት ድስቱ አይጠቁርም። ለቅሶ ቢመጣ እንኳ ጋራዥ ገብቷል ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ታገኛላችሁ?

«በሩን ለጠየቁኝ… በሩ ጠንካራ ነው። ሠሪው እኔ ነኝ፤ ስለ በሩ እመሰክራለሁ። ስለ መክፈቻው ግን ከውስጥ ያለ ሰው ነው የሚመሰክረው። ያ ሌባ ቢገኝና ብትጠይቁት ጥሩ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አልፈረድሁበትም። ወጥቶ ‹እኔ ነበርሁ› ቢል፣ እዚሁ እጁን እጨብጠው ነበር። ሦስት ወር ጠበቅሁት።»

ቆመ። ሁሉም ጠበቀ። በጣም ረጅም ጊዜ አልነበረም፤ አንድ ሰው ከተቀመጠበት ለመነሳት የሚበቃው ያህል ነው። ማንም አልተነሳም። ባለ ግራጫ ኮቱ ፊቱን መልሶ ወደ ፊት አዞረ።

አክመል ደብተሩን በአንድ እጁ እንደያዘ ሁለቱንም መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። አዛውንቶቹም እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ቆመው የነበሩት ኮፍያቸውን አወለቁ። ድምፁ ለስልሷል። ልጅ የሚያስተኛ ሰው ድምፅ ነበር።

«ምስክርነቱ ቢጎድል በምርቃት እሞላዋለሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው። የጻፈውን ሁሉ ያሳካለት፤ አንድም ራይት አይጉደልበት። ሁለቱን ልጆቹን ያሳድግለት፤ ወንዱንም ሴቷንም። ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። ትኩሳት አይንካቸው፣ ሳል አይንካቸው። ከታመሙም ደግሞ… በማንኛውም ቀን፣ መንገድ ሁሉ በተዘጋበት ቀንም ቢሆን፣ አላህ ከአጥራቸው ማዶ ልክ እንደ አባታቸው ያለ ጎረቤት አይንሳቸው።»